ሁለት ወንድ ኢጓና በአንድ ቤት

እንስሳ በቤቱ የሚያኖር ሰው ከሚያገኘው ደስታ ጋራ ኃላፊነትንም እንደሚቀበል የታወቀ ነው። ላም ያለው ስለ ግጦሽ፥ ፈረስ ያለው ስለ ገብስ፥ ውሻ ያለው ስለ መንገደኛው እግር ያስባል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንናገረው ግን በአገራችን ስላልተለመደ እንስሳ፥ ይኸውም ስለ ኢጓና ነው። በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ይህን እንስሳ እንደ ድመትና እንደ ወፍ በቤታቸው ያኖሩታል። በዚያ አገር የተቀመጡ ወገኖቻችንም አንድ ቀን ልጃቸው ከእንስሳት መሸጫ ፊት ቆሞ «ይህን ግዙልኝ» ቢላቸው፥ ምን እንደሚከተል አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን ነገሩን እናቀርባለን።

ኢጓና ከእንሽላሊት ወገን ነው። አርጃኖን ያየ ሰው መልኩን በግምት ሊያስበው ይችላል፤ ነገር ግን አርጃኖ ሥጋ በል ሲሆን ኢጓና የሚመገበው ቅጠል፥ አበባና ፍሬ ነው። አገሩም ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ብራዚልና እስከ ፓራጓይ ድረስ ያለው ሞቃት ምድር ሲሆን፥ በወንዝ ዳር ባሉ ዛፎች ላይ ይኖራል። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1758 በእንስሳት መዝገቡ ጽፎታል። በሱቅ ሲሸጥ በመዳፍ የሚያዝ አረንጓዴ ትንሽ ፍጥረት ነው፤ ሲያድግ ግን ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ እስከ 2 ሜትር የሚጠጋም አለ። መልካም እንክብካቤ ያገኘ ከ10 ዓመት በላይ፥ አንዳንዱም እስከ 20 ዓመት ይኖራል። እንግዲህ ለሕፃን መጫወቻ ተብሎ የተገዛው እንስሳ ሕፃኑ ጐልማሳ እስኪሆን ድረስ በቤት ይቈያል ማለት ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከርኅራኄ ነው። ገዢው «አንዱ ብቻውን ሆኖ እንዳይተክዝ» ብሎ ሁለት ይገዛል። በሕፃንነታቸው ወንዱን ከሴቷ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ ሁለቱም ወንዶች ሆነው ቢገኙ የሚደነቅ አይደለም። ለአንድና ለሁለት ዓመት አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ ተኝቶ ሲሞቅ ያዩት የቤቱ ሰዎች «እንዴት ይዋደዳሉ!» ይላሉ። ይህ ግን ብዙ ጊዜ ፍቅር ሳይሆን ሽሚያ ነው፤ ከላይ የተኛው የመብራቱን ሙቀት ለራሱ ወስዶ ወንድሙን ከጥላው በታች አድርጎታል።

ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ነገሩ ይገለጣል። የወንዱ ጕንጭ ይሰፋል፤ በጀርባው ላይ ያለው እሾህ መሰል ጐፈር ይረዝማል፤ በጭኑ ሥር በተርታ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ይህንንም በሄደበት እየቀባ ስፍራውን የራሱ ያደርጋል። በዓመት አንድ ጊዜ የመራቢያው ወራት ሲደርስ የብዙዎቹ ወንዶች ቆዳ ወደ ብርቱካን መልክ ይለወጣል፤ ምግብ ይቀንሳሉ፥ ዕረፍትም ያጣሉ። በዚያን ጊዜ ትናንት አብሮት ያደገውን ወንድሙን እንደ ጠላት ያየዋል።

ወንዱ ኢጓና ሳያስጠነቅቅ የሚነክሰው ከስንት አንዴ ነው። በመጀመሪያ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል፤ በጕሮሮው ሥር የተንጠለጠለውን ቆዳ ይዘረጋል፤ ቀጥሎም በአራት እግሩ ከፍ ብሎ ይቆምና ጐኑን አሳጥቶና አስፍቶ ለባላጋራው ያሳያል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ትልቅ መስሎ ለመታየት ነው። ያም ባይመለስ አፉን ይከፍታል፥ በጅራቱም እንደ አለንጋ ይገርፋል። ንክሻው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥርሱ ትናንሽና ስለታም ሆኖ ቅጠል ለመቍረጥ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሥጋ ሲያገኝም ይቈርጣል። ጣታቸውንና የጅራታቸውን ጫፍ ያጡ ብዙዎች ናቸው።

ስለ ምን ይህን ያህል ይጨክናሉ? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱን ለማግኘት የዱሩን ኑሮ መመልከት ይበቃል። በጋላፓጎስ ደሴቶች፥ ቻርልስ ዳርዊን በ1835 በጐበኛቸው፥ የባሕር ኢጓና የሚባል የዚሁ ዘመድ አለ። ወንዶቹ በመራቢያ ወራት በዓለቱ ላይ ግንባር ለግንባር ገጥመው ይገፋፋሉ፤ የተሸነፈው ዝቅ ብሎ ሲሄድ ጠቡ ያልቃል። በዛፍ ላይ የሚኖረውም የተሸነፈ እንደ ሆነ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳል። እንግዲህ በዱር ሰላምን የሚያመጣው የእንስሳቱ ትዕግሥት ሳይሆን የመሸሻው ስፋት ነው። በቤት ግን አራት ግድግዳ አለ። የተሸነፈው የሚሄድበት ስለሌለ፥ አሸናፊው ገና አልተሸነፈም ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ይመታዋል። በአንድ በረት ሁለት ኮርማ ዘግቶ ያደረ ገበሬ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ከንክሻው ይልቅ የሚያስፈራው ደም የማይታይበት ጦርነት ነው። ኢጓና የበላውን ለመፍጨት ከውጭ የሚመጣ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በመሞቂያው ስፍራ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይደረግለታል። ደግሞም አጥንቱ እንዲጠና አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ያሻዋል፤ ይህም ጨረር በመስኮት መስተዋት አልፎ በሚገባ አይደርስም። ታዲያ ብርቱው ከመብራቱ ሥር ሌላውን አንድ ጊዜ በዓይኑ ብቻ ቢያባርረው፥ ደካማው ምግብ ፊቱ ቀርቦለት እየከሳ ይሄዳል። መልኩ ይጠቍራል፥ ከታች ተደብቆ ይውላል፥ ዕድገቱም ይቀራል። ባለቤቱ ግን ጠብ ስላላየ ታርቀዋል ብሎ ይደሰታል። ስለዚህ ሁለት ኢጓና ያለው ሰው በየሳምንቱ በሚዛን ቢመዝናቸው ጥሩ ነው፤ ሚዛን የማይዋሽ ምስክር ነውና።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እርሱም መለየት ነው። ለእያንዳንዱ የተለየ ማደሪያ፥ የተለየ መብራት፥ የተለየ የምግብና የውሃ ዕቃ ይደረግለት። ማደሪያዎቹ በአንድ ክፍል ጐን ለጐን ሆነው በመስተዋት የሚተያዩ ከሆነ ግን መለየቱ ከንቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲዛቱ ይውላሉ። ስለዚህ በተለያየ ክፍል ማኖር፥ ይህ ባይቻል በመካከላቸው የማያሳይ ሳንቃ ማቆም ይገባል። የግድግዳ መስተዋትም ሊሸፈን ይገባዋል፤ ወንዱ የራሱን ጥላ ሌላ ወንድ መስሎት ይገጥመዋልና። አንዱን ያቀፈ ሰው ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት እጁን ይታጠብ፥ ልብሱንም ቢለውጥ መልካም ነው፤ የባላጋራውን ሽታ በሰው እጅ ላይ ሲያገኝ ሰውየውን ራሱን ሊነክስ ይችላል። በማኮላሸት ጠቡ ይጠፋል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ነገር ግን ይህ በአደገ ወንድ ላይ የታመነ መድኃኒት አይደለም።

ጠቡ ተነሥቶ ቢገኝ በባዶ እጅ መካከላቸው መግባት ትልቅ ስሕተት ነው። ወፍራም ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ በላያቸው መጣል፥ ሳንቃም በመካከላቸው ማስገባት ይሻላል። ጅራቱን ይዞ መጐተት አይገባም፤ ተበጥሶ በእጅ ይቀራል፥ በኋላም እንደ ፊተኛው ሆኖ አይበቅልም። የቈሰለውን ፈጥኖ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ቍስሉ ከላይ ትንሽ መስሎ ከውስጥ መግል ሊይዝ ይችላልና። የነከሰው ሰውን እንደ ሆነ ቍስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ኢጓና ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሐዋስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ባይነኩት ይመረጣል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደው ቍርጥ ሐሳብ ይመጣል። ሁለት ክፍልና ሁለት መብራት ለማዘጋጀት አቅም የሌለው ቤተ ሰብ አንዱን ለሌላ አሳዳጊ መስጠት አለበት። ልጆች ያለቅሳሉ፥ እናት ትራራለች፥ አባትም «እስኪ አንድ ወር እንያቸው» ይላል። ነገር ግን በዚያ አንድ ወር ውስጥ ዋጋውን የሚከፍለው ደካማው እንስሳ ነው። ፍቅር ማለት አብሮ ማኖር ብቻ እንዳልሆነ ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ ወላጆች ነገሩን ሳይደብቁ ነግረዋቸው፥ አዲሱንም አሳዳጊ አብረው ቢመርጡ ኀዘኑ ወደ ትምህርት ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይደረግ፤ ይኸውም ወደ ሜዳ አውጥቶ መልቀቅ ነው። በፍሎሪዳ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከቤት ያመለጡና የተለቀቁ ኢጓናዎች ተራብተው የአትክልት ቦታ ያጠፋሉ፥ የቦዩንም ዳር እየቈፈሩ ያፈርሳሉ። ቅዝቃዜ በጸና ጊዜ ደንዝዘው ከዛፍ ይወድቃሉ፤ በጥር ወር 2020 በማያሚ ያለው የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሰዎች ከዛፍ ከሚወድቅ ኢጓና እንዲጠነቀቁ እስከ መንገር ደርሷል። በ2021ም የዚያ ግዛት ሹማምንት ኢጓናን ከተከለከሉት እንስሳት መዝገብ አገቡት። ይህ ሁሉ የመጣው ሳያስብ ከገዛና ሳያስብ ከለቀቀ ሰው ነው።

ስለዚህ ምክራችንን በአጭሩ እንደመድማለን። ኢጓና ለመግዛት የሚያስብ አንድ ይግዛ፤ ሁለት ያለው ጠብ ሳይጀመር ይለያቸው። ለኢጓና ብቸኝነት ሐዘን አይደለም፤ የራሱ ቅርንጫፍ፥ የራሱ ሙቀትና የራሱ ቅጠል ካለው ሙሉ ቤት አለው። እንስሳውን በእኛ ልብ መጠን ሳይሆን በእርሱ ጠባይ መጠን ብናኖረው፥ እርሱም በሰላም ይኖራል፥ ቤታችንም በሰላም ያድራል።