የርስት ወረቀትና የታሪክ ምስክርነት

መሬት በአባትም በእናትም የትውልድ ሐረግ እየተቆጠረ ርስት ሆኖ በሚወረስበት አገር፣ በወሎ ካሉት ከወግዲና ከቦረና ጀምሮ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ጎጃም ድረስ፣ የክርክሩ ሁሉ መቋጫ የእማኝ ቃል ስለ ነበረ፣ በእጁ ጽሑፍ የያዘ ወገን ከባላንጣው ይልቅ የጸና ማስረጃ እንዳለው ይታመን ነበር። ስለዚህም በመኳንንቱና በባላባቱ ቤት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ በንስሐ አባት ፊት የተነገረ ኑዛዜ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ የግብር ደረሰኝና የዘር ቆጠራ ከጌጥና ከክት ልብስ ጋራ በሣጥን ተቆልፎ ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

ይሁን እንጂ ቤት ይቃጠላል፣ ሣጥንም ይዘረፋል፤ ይህን የተረዱ አባቶች የጉልቱን ስጦታ፣ የመሬቱን ሽያጭና ውርሱን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ አስጽፈው፣ እማኞቹን በየስማቸው አስጠርተው፣ ውሉን የሚያፈርሰውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን አስገዝተው አኖሩት። በወሎ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር በውስጡ ይዞ እስከ ዘመናችን መድረሱ ለዚህ ልማድ ጥንታዊነት ምስክር ነው። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚም በጎንደርና በጎጃም አድባራት የተገኙትን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች መርምሮ፣ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት ይወርሱ፣ ይሸጡና ይለውጡ እንደ ነበረ አስረድቷል፤ ይህም ከዜና መዋዕለ ነገሥት ብቻ ሊገኝ የማይችል ዕውቀት ነው።

የቤት ወረቀት ሳይበተን ሲገኝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ ከነቀምት እንማራለን። የሌቃ ገዥዎች የነበሩት የሞረዳና የልጃቸው የደጃዝማች ኩምሳ ቤት ከማዕከላዊው መንግሥት ጋራ የተጻጻፈባቸውን የአማርኛ ደብዳቤዎች ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው ለኅትመት ስላበቋቸው፣ የወለጋ ግብር፣ አስተዳደርና ዳኝነት በዘመኑ ሰዎች በራሳቸው ብዕር ሊነበብ ችሏል።

በሩቅ አገር፣ በአየርላንድ፣ የደረሰው ነገርም ለእኛ ትምህርት አለው። በዚያ አገር መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ነበረ፣ እነርሱ የጭሰኛውን ስምና የኪራዩን ዕዳ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር፤ በኋላ ግን፣ በተለይም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ከወጣው ሕግ ወዲህ፣ ጭሰኛው ከመንግሥት በተበደረው ገንዘብ መሬቱን እየገዛ ባለቤት ሲሆን፣ ያ መዝገብ ጥቅሙ ያለቀ መሰለ። ዳሩ ግን በ1922 በደብሊን የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት በእርስ በርስ ጦርነት ሲቃጠል፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው ዐመድ ሆነ፤ የድኻውም ትውልድ በመንግሥት መዝገብ ያጣውን የአያቱን ስም በባለርስቱ የኪራይ መዝገብ ለመፈለግ ተገደደ።

በእኛም አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን የሚለው ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፣ የርስት ወረቀት በአንድ ቀን የፍርድ ቤት ኃይሉን አጣ። ነገር ግን በችሎት የማይረታበት ወረቀት በታሪክ ፊት ይመሰክራል፤ እንዲያውም የሚረታበት ጥቅም ስለ ሌለው፣ ዛሬ ያለ ጠብና ያለ አድልዎ ሊነበብ የሚችልበት ጊዜ መጥቷል።

ስለዚህ በቦረና መካነ ሰላምም ሆነ በወግዲ፣ በአያቱ ሣጥን እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ሰው አያቃጥለው፣ ለቱሪስትም አይሽጠው፣ ከሌላው ነጥሎም አይበትነው፤ የማን እንደ ነበረና ከየት እንደ ተገኘ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቆ ይጻፍ፣ በስልክም ቢሆን ፎቶ አንሥቶ ቅጂውን ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይስጥ። ወረቀቱ የባለርስቱ ቤት ቅርስ ብቻ ሳይሆን፣ ስሙ በሌላ ቦታ ያልተጻፈለት የገባሩና የጭሰኛውም ታሪክ ነውና።