የምናባዊ ቴፕ ማከማቻ አጠባበቅና ቁጥጥር፦ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ለምሳሌ በመውሰድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው የጌፈርሳን ግድብ በመንገዱ ላይ ያገኛል። ግድብ የሚጠብቅ ሠራተኛ የውሃውን ከፍታ በየጊዜው መለካት ግዴታው ነው፤ ሆኖም ከፍታው ብቻውን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። በሐምሌ መጀመሪያ የታየ ከፍታ ለሚመጣው ዝናብ ሥፍራ መኖሩን ያመለክታል። ያው ከፍታ በጥር ቢታይ ግን ውሃው እስከሚቀጥለው ክረምት ከተማውን ያደርስ እንደ ሆነ የሚያሳስብ ይሆናል። ስለዚህ ጠባቂው በቀን ምን ያህል እንደ ገባና ምን ያህል እንደ ወጣም ማወቅ አለበት።

የዚህ ጽሑፍ ነገር ግን ውሃ አይደለም። የምንናገረው በታላላቅ ባንኮች፣ በኢንሹራንስ ድርጅቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ሜይንፍሬም ከሚባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ጋር ስለሚሠራው የምናባዊ ቴፕ ማከማቻ ነው። ፈረንጆች ቨርቹዋል ቴፕ ይሉታል። የዚህን መሣሪያ አጠባበቅ የሚማሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት በመሣሪያው ሙላት ላይ ነው፤ እኛ ግን ይህ ልማድ ወደ ጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል በሒሳብ ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድሞ መሣሪያው እንዴት እንደ ተገኘ ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ 726 የሚል ቁጥር የሰጠውን የቴፕ መሣሪያ ሲያወጣ፣ በአንድ ኢንች ቴፕ ላይ የሚጻፈው 100 ፊደል ያህል ነበር። በ1984 የወጣው 3480 የተባለው ካርትሪጅ 200 ሜጋባይት ያዘ፤ በ1995 የወጣው 3590 ደግሞ 10 ጊጋባይት ያዘ። ቴፑ በዚህ ፍጥነት ሲያድግ የፕሮግራሞቹ ልማድ ግን አልተለወጠም። ፕሮግራሞቹ የተጻፉት አንዱን የሒሳብ መዝገብ ለብቻው በአንድ ቴፕ ላይ እንዲያኖሩ ስለ ነበረ፣ 50 ሜጋባይት የማይሞላ መዝገብ 10 ጊጋባይት የሚይዝ ካርትሪጅ ይዞ ይቀመጥ ጀመር። ከሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ጭኖ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ነጋዴ አንድ እስር ሣር በአንድ አይሱዙ ቢልክ ምን ያህል እንደሚከስር አንባቢ ራሱ ይገምት። ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንደገና መጻፍም ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር ነበር።

መፍትሔ የተገኘው ኮምፒዩተሩን በማታለል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አይ.ቢ.ኤም. በ1997፣ ስቶሬጅቴክ ደግሞ በ1998 ለሥራ ያዋሏቸው መሣሪያዎች በውስጣቸው ዲስክ አላቸው፤ ለዋናው ኮምፒዩተር ግን «እኔ የቴፕ ድራይቭ ነኝ» ብለው ይመልሱለታል። ኮምፒዩተሩ ቴፕ እንዲሰቀልለት ያዝዛል፣ ተሰቅሏል ይባላል፣ ይጽፋል፣ እንዲጠቀለል ያዝዛል፣ ተጠቅልሏል ይባላል። ከዚህ ሁሉ የተንቀሳቀሰ ቴፕ የለም። በ2006 የወጣው ቲ.ኤስ. 7700 የተባለው ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓይነቱ በአንድ መሣሪያ 256 እንዲህ ያሉ የሌሉ ድራይቮችን ያቀርብ ነበር። የተጻፈው መዝገብ መጀመሪያ በዲስኩ ላይ ያርፋል፤ ይህን ሥፍራ ካሽ ይሉታል፣ እኛም እንደ ጌፈርሳ ኩሬ ልናየው እንችላለን። ከዚያ በኋላ መሣሪያው በራሱ ጊዜ ብዙ ትንንሽ መዝገቦችን አንድ ላይ አድርጎ ወደ እውነተኛ ካርትሪጅ ያወርዳል። እውነተኛ ቴፕ ጨርሶ የሌላቸው ዓይነቶችም አሉ። ከዚህም ሌላ መዝገቡ በሌላ ቦታ ወዳለው ጓደኛ መሣሪያ በመስመር ይገለበጣል።

እንግዲህ «ተጽፏል» የሚለው መልስ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው መቼ ነው? ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። መሣሪያው ሦስት ዓይነት ውል ሊገባ ይችላል። በአንደኛው ውል መዝገቡ በሁለቱም ቦታ እኩል እየተጻፈ ይሄዳል። በሁለተኛው፣ ቴፑ ሲጠቀለል ሁለተኛው ቅጂ እስኪያልቅ ድረስ ኮምፒዩተሩ መልስ ሳያገኝ ይጠብቃል። በሦስተኛው ግን በአንዱ ቦታ እንደ ተጻፈ «ጨርሰናል» ተብሎ ይመለስለትና ቅጂው በኋላ፣ መስመሩ በፈቀደ ጊዜ ይደረጋል። ይህ የመጨረሻው ውል ሥራውን ስለሚያፋጥን ይወደዳል፤ ነገር ግን ዕዳ ነው። ደረሰኙ የተሰጠው ጭነቱ ከሰበታ የባቡር ጣቢያ ሳይነሣ ነው እንጂ ጅቡቲ ደርሶ አይደለም።

ይህን በቁጥር እንየው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በሦስቱ ከተሞች ላይ አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንድ ባንክ ዋናውን ማከማቻ በጅማ መንገድ በሰበታ፣ ሁለተኛውን በጎጃም መንገድ በሱሉልታ አቁሟል፤ የሚቆጣጠሩትም ሰዎች ቡራዩ ተቀምጠዋል እንበል። ይህ ለሒሳብ ያህል የታሰበ ነው። በሰበታና በሱሉልታ መካከል ያለው ርቀት በአየር መስመር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስተዋት ክር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከሴኮንድ ሚሊዮን እጅ 5 ያህል ስለሚፈጅበት፣ ደርሶ ለመመለስ ከሴኮንድ ሺህኛ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ኬብሉ ከተማውን ዞሮ እጥፍ ቢረዝም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ርቀቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የመስመሩ ስፋት ነው።

ባንኩ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚያሳልፍ መስመር ተከራይቶ፣ ከዚህም በተግባር 100 ሜጋባይት ያህል ያገኛል እንበል። የሌሊቱ ሥራ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት በሴኮንድ 300 ሜጋባይት ይጽፋል። በየሴኮንዱ 200 ሜጋባይት ሳይገለበጥ ይቀራል ማለት ነው። በ4 ሰዓት ውስጥ የተከማቸው ዕዳ 2.88 ቴራባይት ይሆናል፤ መስመሩ ይህን ለመክፈል ሌላ 8 ሰዓት ስለሚፈልግ ቅጂው የሚያልቀው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቅርንጫፎቹ በራቸውን የሚከፍቱት በ2 ሰዓት ከሆነ፣ ባንኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገንዘብ ሲከፍልና ሲቀበል የትናንቱ ሒሳብ በሙሉ ያለው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ መካከል ሰበታ ላይ እሳት ቢነሣ ሱሉልታ ያለው መዝገብ ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ሙላቱን እንመልከት። የሰበታው ካሽ 20 ቴራባይት የሚይዝና በምሽቱ 4 ሰዓት እኩሌታው የተሞላ ቢሆን፣ የሌሊቱ ጽሑፍ 4.32 ቴራባይት ጨምሮበት ከመቶ 72 ያህል ይደርሳል። ማስጠንቀቂያው ከመቶ 85 ላይ እንዲጮኽ ከተደረገ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ይላል። ቡራዩ የተቀመጠው ኦፕሬተር መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እያየ ያድራል።

ነገሩ የሚከፋው ኬብሉ ሲቆረጥ ነው፤ መንገድ በሚሠራበትና ቦይ በሚቆፈርበት አካባቢ ደግሞ ይህ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። መስመሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ቢቋረጥ ዕዳው 3.6 ቴራባይት ይደርሳል፤ የሚያልቀውም ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ጥብቅ የሆነውን ሁለተኛውን ውል የመረጠ መሥሪያ ቤትም ከዚህ አያመልጥም። በቲ.ኤስ. 7700 አሠራር ጓደኛው መሣሪያ ሲጠፋ መዝገቡ «በኋላ ይገለበጥ» ወደሚለው ረድፍ ይዛወርና ሥራው እንደ ተሳካ ተቆጥሮ ያልፋል። ለዋናው ኮምፒዩተር መልእክት ይላካል፤ ግን በሌሊት ከሚጎርፉት በሺህ ከሚቆጠሩ መልእክቶች መካከል አንዱ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም መልእክቶች ተለይቶ ሰው ከእንቅልፉ ሊቀሰቅስ የሚገባው ይህ ነው።

ለቁጥጥር የሚያገለግለው መረጃ አልጠፋም። መሣሪያው በየ15 ደቂቃው ስለ ራሱ ይመዘግባል፤ መዝገቡንም ለ90 ቀን ያቆያል። ኦፕሬተሩም ከዋናው ኮምፒዩተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ትእዛዝ በመስጠት የካሹን ሁኔታና የቅጂውን ረድፍ መጠየቅ፣ የማስጠንቀቂያውንም ወሰን ዝቅተኛና ከፍተኛ ብሎ በሁለት ደረጃ መወሰን ይችላል። ለዚህ ወሰን ከቴራባይት ይልቅ ጊዜን መለኪያ ማድረግ ይሻላል፤ ሳይገለበጥ ከሁሉ ይበልጥ የቆየው መዝገብ ስንት ሰዓት ቆየ ማለት ነው። የባንኩ ሹም 2.88 ቴራባይት ቢሉት ምንም ላይገባው ይችላል፤ «የሰዓታት ሒሳብ ያለው በአንድ ቤት ነው» ቢሉት ግን ወዲያው ይገባዋል።

መሣሪያው በራሱ የሚወስደው እርምጃም አለ። ያልተገለበጠው ወይም ወደ ቴፕ ያልወረደው ብዛት ከተወሰነው ሲያልፍ የሚገባውን ጽሑፍ ያዘገያል፤ ግድብ በር እንደ መዝጋት ነው። ይህ ለመዝገቡ ደኅንነት ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ምክንያቱን ላላወቀ ሰው የሌሊቱ ሥራ ያለ ምክንያት የዘገየ ይመስለዋል። ፕሮግራም ጻፊዎቹ ይወቀሳሉ፣ ፕሮግራሙ ይመረመራል፣ ምንም አይገኝበትም። ሥራ በዘገየ ሌሊት በመጀመሪያ መታየት ያለበት የዚህ መግቻ ቁጥር ነው።

ስለ ባዶ ቴፖች ጥቂት እንጨምር። በድሮው ጊዜ ዘመኑ ያለፈበት ቴፕ ከመደርደሪያ ወርዶ እንደገና ይጻፍበት ነበር። በምናባዊው ቴፕም ይህ የሚታወቀው በዋናው ኮምፒዩተር ላይ ባለው የቴፕ መዝገብ ቤት ነው፤ መሣሪያው ቴፑ ነጻ መለቀቁን የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። የተለቀቀውም ቴፕ እንደገና እስኪጻፍበት ወይም የተወሰነለት የማቆያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ቦታውን እንደ ያዘ ይቆያል። በመሆኑም የየዕለቱ የማጽዳት ሥራ ለአንድ ሳምንት ሳይሠራ ቢቀር፣ ያን ጊዜ የሚታየው ሙላት የጠባቂውን ቸልተኝነት እንጂ የሥራውን ብዛት አያሳይም። አዲስ ዲስክ ለመግዛት ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት ይህን ማጣራት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሁለተኛ ቅጂ ካለ ሁሉም ነገር ተፈጸመ የሚሉ አሉ፤ ይህም እንዳይመስለን። በ2011 በየካቲት ወር ጉግል በኢሜይል አገልግሎቱ ላይ በገባ የፕሮግራም ስሕተት ምክንያት የጥቂት ተጠቃሚዎቹ መልእክቶች ጠፉበት። ኩባንያው በተለያዩ ሕንፃዎች ብዙ ቅጂ ነበረው፤ ስሕተቱ ግን ከአንድ በላይ የሆኑ ቅጂዎችን አጠፋ። መልእክቶቹ የተመለሱት ከመስመር ውጭ ተቀምጦ ከነበረ እውነተኛ ቴፕ ነው። ሰበታ ላይ በስሕተት የተጻፈ መዝገብ ሱሉልታም ከነስሕተቱ ይደርሳል፤ መስመሩ በፈጠነ መጠንም ስሕተቱ ይፈጥናል። ስለዚህ እውነተኛ ቴፕ ያለበትን ዓይነት የመረጠ መሥሪያ ቤት ኋላ ቀር ነው ለማለት አያስደፍርም።

የሱሉልታው ቅጂ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው ሲነበብ ነው። ለዚህ ሙከራ መሣሪያው በሱሉልታ በኩል መጻፍ እንዲከለክል ተደርጎ፣ በዚያው ባለ ሌላ ኮምፒዩተር የትናንቱ ቴፖች ተሰቅለው ይነበባሉ፤ የሰበታውም ሥራ አይቋረጥም። ሙከራው ቅጂው ሁሉ ባለቀበት ከሰዓት በኋላ ቢደረግ ውጤቱ ሁልጊዜ መልካም ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ዕዳው ከፍተኛ በሆነበት ደቂቃ መስመሩን በጥሶ መሞከር ይገባል። ከዚያም የጎደሉት ቴፖች ቁጥራቸው ተጽፎ፣ እያንዳንዱ የየትኛው ቅርንጫፍ ሒሳብ እንደ ሆነ ከመዝገብ ቤቱ ጋር ይመሳከራል።