ከደመና የወረደ ወይስ ከሕንፃ የወጣ? የመብረቅ ፎቶግራፍ አነሣሥና ንባብ

መብረቅ በደመናና በምድር መካከል የተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ሙል በቅጽበት ሲፈስ የሚፈጠር ብልጭታ ሲሆን፣ ፎቶግራፉ ተፈላጊ የሆነው ዓይን ሊከተለው የማይችለውን የጉዞ አቅጣጫ በቅርንጫፎቹ አኳኋን መዝግቦ ስለሚያስቀር ነው። እንደ ሐርጌሳው መሐመድ ሞጌ ቤቶች በአብዛኛው ዝቅ ባሉበት ሰፈር መብረቁ ዘወትር ከደመና ይነሣል፤ «መሪ» የሚባለው ደካማ የብርሃን መስመር እየተቆራረጠ ሲወርድም ቅርንጫፎቹን ወደ ታች ይዘረጋል። ከ100 ሜትር በሚበልጥ ሕንፃ ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። በሕንፃው ጫፍ ዙሪያ የኤሌክትሪክ መስኩ እጅግ ስለሚበረታ፣ መሪው ከሕንፃው ራሱ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ በፎቶግራፉም ላይ ቅርንጫፎቹ እንደ ግራር ወደ ሰማይ ተከፍተው ይታያሉ።

ይህን በካሜራ ያሳየው የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ካርል ማክኤክረን ሲሆን፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ባደረገው ክትትል አብዛኞቹ መብረቆች ከሕንፃው ጫፍ የሚጀምሩ ሆነው አገኛቸው። በዘመኑ ለእንዲህ ያለው ጥናት የሚያገለግለው፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቦይስ የፈለሰፈው የሚሽከረከር ሌንስ ያለው ካሜራ ነበር፤ ሌንሱ እየዞረ ስለሚያነሣ፣ ለዓይን አንድ የሚመስለው ብልጭታ በዚያው መስመር የተከታተሉ የበርካታ ምቶች ድምር መሆኑ በፊልሙ ላይ ተለያይቶ ይታያል።

በ100 ሜትሩ መለኪያ የአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር ሆኖ ድንበሩ ላይ ይቆማል (ቁጥሩ የተመረጠው ኅብረቱ እንዲመሠረት በሊቢያዋ ሲርት ለተላለፈው የ9/9/1999 እ.ኤ.አ. ውሳኔ መታሰቢያ እንጂ ለመብረቅ ታስቦ አይደለም)፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ግን በ209 ሜትር ቁመቱ ድንበሩን እጥፍ ያልፈዋል።

በእንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ የሚታየውን መብረቅ ሌሊት ለማንሣት ካሜራው በትራይፖድ ላይ ተተክሎ፣ ሌንሱ በእጅ ወደ ሩቅ ተስተካክሎ፣ መዝጊያው ለ10 ወይም ለ20 ሰከንድ ተከፍቶ ይቆያል፤ የሕንፃው መስኮቶች መብራት ምስሉን እንዳያነጣው የብርሃን ቀዳዳው ጠበብ ይደረጋል፣ ከዚያም መብረቅ እስኪገኝ ድረስ ሥዕል በሥዕል ላይ ይነሣል። ነፋስ በምቶቹ መካከል መስመሩን ገፍቶት ከሆነ በምስሉ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን ክሮች ይታያሉ። ቀን ግን እንዲህ ያለ ረጅም ክፍተት ምስሉን ስለሚያቃጥለው፣ የመጀመሪያውን ብልጭታ አይቶ መዝጊያውን የሚከፍት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የሚሳካውም ተከታዮቹ ምቶች ስለሚመጡለት ነው። አንሺው የሚቆመው በሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ካልሞላ አውሎው ከ10 ኪሎ ሜትር በቅርብ ነውና በዚያ ጊዜ ጣሪያ ላይ ትራይፖድ መትከል አደገኛ ነው።