ደካማን በቤቱ ስለ ማስታመም

ደካማ ወላጅን ማጠብና መመገብ በእኛ ዘንድ የልጅ ግዴታ እንጂ ደመወዝ ያለበት ሥራ ተብሎ አይቈጠርም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ግን መንግሥት ለዚህ ድካም በሰዓት ይከፍላል፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደንቡን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

አመልካቹ 65 ዓመት የሞላው፥ ወይም ዓይነ ስውር፥ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ሆኖ፥ ሜዲካል በተባለው የሕክምና ዋስትና መታቀፍ አለበት። ማመልከቻውን ለአውራጃው መሥሪያ ቤት ያቀርባል፤ ሐኪሙም ረዳት እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ያረጋግጣል።

ከዚያም ሠራተኛ እቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሽማግሌዎቻችን በይሉኝታ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» ይላሉ። እንዲህ ያለው መልስ ለእንግዳ ጨዋነት ቢሆንም የሚፈቀደውን ሰዓት ይቀንሳል። ስለዚህ ሌሊት ማን ደግፎ እንደሚያስነሣቸው፥ ማን ልብስ እንደሚያለብሳቸው ሳያፍሩ ይናገሩ። የሚፈቀደው በወር ከ283 ሰዓት አይበልጥም።

አስታማሚውን የሚመርጠው ራሱ ታማሚው ነው፤ ልጁም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ልጅም ቢሆን በራሱ ወጪ የጣት አሻራ ሰጥቶ፥ ከወንጀል ነጻ መሆኑ ተመርምሮ፥ መግለጫ ሰምቶ ካልተመዘገበ አይከፈለውም።

ማመልከቻው ቢከለከል ወይም ሰዓቱ ቢያንስ፥ ውሳኔው ከተነገረበት አንሥቶ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።