ማኑዋል በጠራራ ፀሐይ ይጀመር
በትንሽ የኪስ ካሜራ ፎቶ ማንሣት የሚጀምሩ ሰዎች መደወያው ላይ ያለችውን «ኤም» (ማኑዋል) ለጭንቅ ቀን ያስቀምጧታል፤ ለምሽት ሠርግ፣ ለመድረክ፣ አውቶው ለሚሸነፍበት ጨለማ። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ጎፋ ገብርኤልን እናስብ። ሰማዩ የበጋ ሰማይ ከሆነና ደመና ከሌለ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት የሚወርደው ብርሃን ብዙም አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው ካሜራው ፊት የሚቆመው ነው፤ አሁን ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ቀጥሎ ጥቁር ኮት የለበሰ አስተናባሪ። የካሜራው መለኪያ ደግሞ የሚያነበው ከሰማይ የሚወርደውን ሳይሆን ከልብሱ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን ነው፤ ያየውንም ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትተዋል። ፍሬሙን ነጠላ ሲሞላው ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊትም ከነዝርዝሩ ይጠፋል። ጥቁሩ ኮት ሲመጣ አለመጠን ያበራና ከጀርባ ያለውን ነጭ ያቃጥለዋል። በአንድ ፀሐይ፣ በደቂቃ ልዩነት የተነሡ ሁለት ፎቶዎች የተለያየ ቀን ይመስላሉ።

ማኑዋል ይህን መዋዠቅ ያቆማል። መነሻው ከፊልም ዘመን የቀረ ሕግ ነው፦ በጠራራ ፀሐይ ቀዳዳው ኤፍ 16 ከሆነ የሹተሩ ፍጥነት የአይኤስኦውን ቁጥር ይከተላል፤ አይኤስኦ 100 ላይ 1/100 ሰከንድ ማለት ነው። ብዙ የኪስ ካሜራዎች ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ ስለሚያበቁ፣ ኤፍ 8 ላይ 1/400 ይሆናል። በትንሽ ሴንሰር ኤፍ 8 ምስሉን በመጠኑ ስለሚያደበዝዝ እኔ ኤፍ 5.6ን በ1/800 እመርጣለሁ፤ የሚገባው ብርሃን ያው ነው። ከዚያ ነጠላ ላይ አንድ መሞከሪያ ማንሣትና ሂስቶግራሙን ማየት ይገባል፤ በዚያ ፀሐይ ስክሪኑ ራሱ አይታመንም። ግራፉ የቀኙን ጠርዝ ከነካ 1/1000 ማድረግ ነው። የጠቆረ ፊት በኤዲቲንግ በመጠኑ ይነሣል፤ አንዴ የተቃጠለ የጥበብ ክር ግን አይመለስም።

የዛሬ ካሜራ ፊት ይለያል፣ ለምን እደክማለሁ የሚል ይኖራል። ፊቱ ወደ ሌንሱ እስከዞረ ድረስ እውነቱን ነው። በክብረ በዓል ግን ሰው ጎንበስ ይላል፣ ጃንጥላ ይጋርደዋል፣ ነጠላውን እስከ ግንባሩ ያወርዳል፤ ያኔ መለኪያው ወደ ልብሱ ይመለሳል። ከዚህ የሚጠነክረው ብርሃን የመደመርና የመቀነስ ቁልፉን የሚያነሡት ሰዎች ክርክር ነው። ቁልፉ ጥሩ ነው፤ ግን ለነጠላው የተደመረው ለኮቱ መቀነስ አለበት፣ በሰልፍ መካከል ደግሞ ጣት አይደርስም። የሐምሌ ደመና ፀሐይዋን በየደቂቃው ሲሸፍናትና ሲገልጣት ግን ክርክሩን እነሱ ይረታሉ፤ ያን ጊዜ ማኑዋልን ሙጥኝ ማለት ግትርነት ነው።

ጀማሪውን በበጋም የሚፈትነው ጥላ ነው። ከፀሐይ ወጥቶ ዛፍ ሥር ሲገባ ብርሃኑ ሦስት ደረጃ ያህል ይወርዳል፤ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 2.8 መክፈት ይበቃ ነበር። ዙም ሲደረግ ግን ብዙዎቹ ሌንሶች ይህን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሶኒ አርኤክስ 100 ሰፊው ጫፍ ላይ ኤፍ 1.8 ሲከፍት፣ ዙሙ ሲያልቅ ከኤፍ 4.9 አያልፍም። ቀሪውን ሹተሩ መሸከም አለበት፤ አይኤስኦ 100 ላይ 1/125 ገደማ፣ ለቆመ ሰው የሚበቃ፣ ለሚያሸበሽብ የማይበቃ። ለሚያሸበሽብ አይኤስኦውን 400 አድርጎ በ1/500 ማንሣት ይሻላል።