ከዚህ ቀን ጀምሮ እዚህ ነበርኩ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የገባ ሰው፣ እገሌ የስንት ዓመት ነዋሪ እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ዕድርተኛው አለ፣ ባለሱቁ አለ፣ ለሠርጉ ድንኳን የተከለለት ጎረቤት አለ። ወረቀትም አይጠፋም። ከሐይቅ ወደ ደሴ ኑሮውን የሚያዞር ሰው ከቀበሌው መሸኛ ያጽፋል፤ የደሴው ቀበሌም መሸኛውን ተቀብሎ መታወቂያ ያወጣለታል። ይሁንና ወረቀቱ የሚጻፈው ሰውየው ስለሚታወቅ ነው። መታወቁ ይቀድማል፣ ማኅተሙ ይከተላል።

ባሕር ማዶ ነገሩ ይገለበጣል። «ወረቀት የለውም» የሚባለው ሰው ወረቀት እንዲያገኝ አስቀድሞ ወረቀት ይጠየቃል። ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለማቋረጥ እዚህ አገር ኖረሃል ወይ? ኖሬያለሁ ብሎ መማል አይበቃም። ያልተቋረጠ ነዋሪነት የሚሉት ይህን ነው፤ የብዙ አበሻ ኬዝ የሚንጠለጠለውም እዚሁ ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን፣ ከአምባሰል የመጣች አንዲት የማውቃት ሴት የጫማ ካርቶን ታቅፋ ቤቴ መጣች። አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ከለላ ፈቅዳ ነበርና ሰነዷን አብሬያት እንድደረድር ነው። ከለላውን ለማግኘት ከጥቅምት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አገር ውስጥ መኖርን ማስረዳት ያስፈልግ ነበር። እሷ ደግሞ የኖረችው ከጓደኛዋ ጋር ነው፤ የቤት ኪራይ ውሉ በጓደኛዋ ስም፣ የመብራቱ ሒሳብ በጓደኛዋ ስም። የምትሠራው አሮጊት እየጠበቀች ነው፣ የሚከፈላት በጥሬ ገንዘብ። ወሩን በሙሉ ሰው ቤት ስታድር በስሟ የተጻፈ አንድ ቁራጭ ወረቀት የለም። «ታዲያ እኔ የት ነበርኩ ሊሉኝ ነው?» አለች። «አብሽሪ፣ እንፈልግ» አልኳት።

ካርቶኑ ሥር፣ በላስቲክ የታሰሩ ቀጫጭን ወረቀቶች ነበሩ። በየወሩ ውጫሌ ለእናቷ ብር የላከችባቸው የሐዋላ ደረሰኞች ናቸው። አንዱን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የላኪ ስም ከነአድራሻው፣ የላከው ሱቅ የሚገኝበት ከተማ፣ የተቀባይ ስም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሰባቱም አሉ። ደንቡ ከቤት ኪራይና ከደመወዝ ደረሰኝ፣ ከሐኪም ቤት ካርድና ከትምህርት ቤት ማስረጃ ጎን፣ ወደ ውጭ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝንም በስም ጠርቶ ይቀበላል። አሜሪካ መኖሯን የመሰከረችላት አምባሰል ያለች እናቷ ሆነች ማለት ነው። ብሩን በዘመድ እጅ ወይም ደብተር በሌለው ሐዋላ ልካው ቢሆን ኖሮ እናትየው እኩል ይደርሳት ነበር፣ ልጅቱ ግን ባዶ እጇን ትቀር ነበር።

ያ ከለላ በ2016 ሲታደስ የመቁጠሪያው ቀን ወደ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ተዛወረ። እንዲህ ያለ ከለላ ጊዜያዊ ነው፤ በራሱ ግሪን ካርድ አያስገኝም፣ ፖለቲካው በተለወጠ ቁጥርም ይነቀነቃል። ቋሚ መኖሪያ የሰጠውን ሕግ ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ከአብዮቱ በኋላ አሜሪካ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አትባረሩም፣ ግን ነዋሪም አይደላችሁም» በሚል ዓይነት ፈቃድ ተንጠልጥለው ዓመታት አሳለፉ። የመጀመሪያው በር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ትልቁ የምሕረት ሕግ ነው፤ እሱም የሚያገለግለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1982 በፊት ገብቶ ያለማቋረጥ ለኖረ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በዲሴምበር 1987፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በውጭ ጉዳይ በጀት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሰነቀረ። አንቀጹ ለአራት አገር ሰዎች ብቻ ነበር፦ ለፖላንድ፣ ለአፍጋኒስታን፣ ለዑጋንዳና ለኢትዮጵያ። መቁረጫው ቀን ጁላይ 21 ቀን 1984 ሆነ። ከዚያ በፊት የገባ፣ ከዚያም ወዲህ ያለማቋረጥ የኖረ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከተ ወደ ግሪን ካርድ የሚያደርስ መንገድ ተከፈተለት።

ያን ቀን ወደ እኛ ቁጥር ስናመጣው ሐምሌ 14 ቀን 1976 ዓ.ም. ይሆናል። ወሎዬ ይህን ሲሰማ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በጥቅምት 1977፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረችው የኮረም የረሀብ ሰፈር በቢቢሲ ለዓለም ታየች። ያ ረሀብ ከቀዬው ነቅሎ በሱዳን በኩል ያሻገረው ሰው በዚህ አንቀጽ አይገባም፤ እሱን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1980ው የስደተኞች ሕግ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ቀኑን ሲመርጡ ወሎን አላሰቧት ይሆናል። ግን አንድ ቀን በካላንደር ላይ ሲሰመር፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የወደቀ ወንድምና እህት ኑሮው እንዴት እንደሚለያይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በነገራችን ላይ፣ ከእነዚህ ሁሉ የሰፋ አንድ ጥንታዊ በር እስካሁን አለ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1972 ጀምሮ አሜሪካ የኖረ ሰው እንዴትም ይግባ ቋሚ ነዋሪነት መጠየቅ ይችላል። ቀኑ ግን እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ አንድ ጊዜም አልተነቃነቀም። በሩ ክፍት ነው የሚባለው እንግዲህ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እዚያ ለነበሩ ሽማግሌዎች ነው።

«ያለማቋረጥ» ሲባል ከአገር ንቅንቅ አለማለት ነው እንዴ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንደኛው ነዋሪነት ነው፤ ቤትህ የት ነው የሚል። ሁለተኛው በአካል መገኘት ነው፤ ስንት ቀን እዚህ አደርክ የሚል። የመጀመሪያው በኑሮ ይመዘናል፣ ሁለተኛው በቀን ይቆጠራል። ለአሜሪካ ዜግነት የሚያመለክት ባለ ግሪን ካርድ በተለምዶ የ5 ዓመት ነዋሪነት፣ ከዚያም ውስጥ የ30 ወር በአካል መገኘት ይጠየቃል።

ስለ አጭር መቅረት ሁለት የፍርድ ቤት ታሪክ አለ። አንድ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ለጥቂት ሰዓት ሜክሲኮ ደርሶ በመመለሱ ጉድ ፈላበትና ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ችሎቱ አጭር፣ ድንገተኛና ክፋት የሌለበት መውጣት እንደ መውጣት አይቆጠርም አለ። ሃያ ዓመት አልፎ በ1984 አንዲት የታይላንድ ሴት ሦስት ወር አገሯ ቆይታ በመመለሷ ያው ፍርድ ቤት ፊቱን አጠቆረባት፦ ሕጉ «ያልተቋረጠ» ካለ ያልተቋረጠ ነው አለ። ምክር ቤቱ ይህ ጠንከር ስላለበት፣ ከ1986 ጀምሮ በወጡ ሕጎች ውስጥ «አጭር፣ ድንገተኛና ክፋት የሌለበት» የሚለውን ቃል ራሱ ጽፎ አስገባ። ለኢትዮጵያውያን የወጣው የ1987ቱ አንቀጽም ይህን ቃል ይዟል።

ከእኛ ሰው አንጻር ጭንቁ ያለው ለቅሶ ላይ ነው። ሐይቅ ላይ እናቱ የሞተችበት ሰው አርባውን ሳያወጣ መመለስ ይከብደዋል። አርባውን አውጥቶ፣ የእርሻውን ነገር አስማምቶ፣ ትንሿን እህቱን ድሮ ሲል ስድስት ወር ያልፋል። ባለ ግሪን ካርድ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ለዜግነት የሚቆጠረው ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ይገመታል፤ ግምቱን ለማፍረስ ሥራውን እንዳልለቀቀ፣ ቤቱን እንዳላስረከበ፣ ቤተሰቡ እዚያው እንደቆየ ማሳየት ይኖርበታል። ዓመት ከሞላ ቆጠራው ይበጠሳል። በዚህ በኩል ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ልጆቻቸው ያመጧቸው እናቶች ናቸው። ብርዱን አይችሉም፣ ጎረቤት አያገኙም፤ «ትንሽ ነፍሴን ላሳርፍ» ብለው ይመለሱና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ውለው ያድራሉ። ግሪን ካርዳቸውን እንዳያጡ፣ ከመሄዳቸው በፊት እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ማስወጣት እንደሚቻል የነገራቸው የለም።

የካርቶኑ ወረቀት አልሞላ ሲል ድርጅት ይመሰክራል። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማኅበር፣ ዕድርም ቢሆን። ግን የዕድር ጸሐፊ ሁሉ የሚጽፈው «እገሌ ጥሩ አባላችን ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ዓይነት ደብዳቤ ምንም አይፈይድም። ደብዳቤው የአባሉን ስም ይጥራ፤ ከመቼ እስከ መቼ አባል እንደነበረ በቀን ይጻፍ፤ በዚያ ጊዜ የኖረበትን አድራሻ ይያዝ። የሚፈርመው ሰው ሹመቱን ይግለጽ፣ አባሉን በምን እንዳወቀው፣ የጻፈውንም ከየት እንዳገኘው ይናገር፤ ማኅተም ወይም የድርጅቱ ስም ያለበት ወረቀት ይሁን። ይህ የእኔ ምክር አይደለም፣ የጊዜያዊ ከለላው ደንብ የሚዘረዝረው ነው። መዝገብ በሥርዓት የሚይዝ ዕድር ይህን በአንድ ከሰዓት ይጽፋል። የማይይዝ ዕድር ግን አባሉን ከቀበረው በኋላ እንጂ በሕይወቱ አይጠቅመውም።

ከአገር ቤት የሚመጣ ወረቀት ሌላ ጣጣ አለው። ዘመድ የጻፈው ደብዳቤ ማስረጃ ይሆናል፤ ውስጡ «መስከረም 1976» ብሎ ፖስታው ላይ የተመታው ማኅተም 1983 ካለ፣ የኢሚግሬሽኑ ሰው ሰባት ዓመት የት እንደገባ ይጠይቃል። ስምም እንዲሁ። የአባት ስም ባንዱ ወረቀት መካከል፣ በሌላው መጨረሻ ላይ ከወጣ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ስለዚህ አማርኛው በሙሉ ተተርጉሞ፣ የተርጓሚው ማረጋገጫ ተያይዞ፣ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት በግልጽ ሰፍሮ ይቅረብ። የትርጉም ነገር ለአምባሰል ሰው አይነገርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ ላይ አማርኛውና ጣልያንኛው ባለመስማማታቸው ምን እንዳስከተለ አገሩ ያውቀዋል።

ሌሎች አገሮች ቁጥሩን ይለዋውጡታል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ካናዳ ለዜግነት ከ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ትቆጥራለች። እንግሊዝ 10 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ለኖረ ቋሚ ነዋሪነት ስትሰጥ በየ12 ወሩ ከ180 ቀን በላይ መቅረትን አትወድም።

ከደቡብ ወሎ የሚወጣው አብዛኛው ወጣት፣ በተለይ ሴቱ፣ የሚሄደው ግን ወደ ሳዑዲና ወደ ጎረቤቶቿ ነው። እዚያ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በአሠሪው በኩል እየታደሰ ይኖራል፤ አንዲት ከተሁለደሬ የሄደች ሴት ሪያድ 15 ዓመት ብትሠራ የዓመቱ ብዛት ብቻውን ቋሚ መኖሪያ አያስገኝላትም። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ቋሚ መኖሪያ ለውጭ ሰው ስትከፍት የጠየቀችው 800,000 ሪያል ነው። እዚያ ነዋሪነት አይቆጠርም፣ ይገዛል። የአሜሪካውን ቆጠራ ሳማርር ይህን አስባለሁ፤ ቢያንስ የሚቆጥር አለ።

ለማንኛውም የጫማ ካርቶን ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ የባንክ ማሽን የሚተፋው ወረቀት የሚታተሙት ቀለም በሌለው፣ በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ እየነጣ ይሄዳል፤ መኪና ውስጥ ወይም ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠማ ከዚያም ይፈጥናል። ከአምባሰሏ ሴት ደረሰኞች መካከል ሁለቱን ያነበብነው በስልክ መብራት አጋድመን ነበር። ያላችሁን በዚህ ሳምንት ኮፒ አድርጉት፣ በስልክም አንሡት፣ ዋናውን ግን አትጣሉ።