ስለ ፎልክቦት፣ ስለ ታናሺቱ የሸራ ጀልባ

በስዊድን ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በምኖርበት በጎተንበርግ አጠገብ ካሉት ደሴቶች መካከል ፎልክቦት ሸራዋን ዘርግታ ስታልፍ ባየሁ ቁጥር፣ ባሕር የባለጸጎች ብቻ ተድላ ሆኖ እንዳይቀር ያሰቡትን ሰዎች ሳላመሰግን አላልፍም።

በ1941 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ጦርነት በስዊድን ዙሪያ ሲነድ፣ የስካንዲናቪያ የሸራ ጀልባ ማኅበር፣ ብዙ ገንዘብ የሌለው ቤተ ሰብ በሰንበት የሚዝናናባት፣ በዕረፍት ወራትም ጠረፍ ለጠረፍ የሚጓዝባት፣ ለእሽቅድምድምም የምትበቃ ጀልባ ይነድፉ ዘንድ ሊቃውንቱን በውድድር ጋበዘ፤ ከቀረቡትም አንዱ ብቻውን ፍጹም ሆኖ ስላልተገኘ፣ ከየንድፉ የተሻለውን አውጣጥቶ የማዋሐዱ ሥራ ለቶርድ ሱንዴን ተሰጠ፤ የመጀመሪያይቱም በ1942 ባሕር ወረደች። ከብዙ እጅ ተውጣጥቶ እንዲህ ያለ አንድነት ያገኘ ሥራ ብዙ አላውቅም።

ርዝመቷ 7.68 ሜትር፣ ወርዷ 2.20 ሜትር ነው። ከክብደቷ ግማሽ የሚያህለው ከሆዷ በታች በተያያዘው ብረት ላይ ስላረፈ፣ ነፋስ ድንገት ሲበረታ ጥቂት ታዘነብልና ጸንታ ትጓዛለች። የእንጨት ፎልክቦቶች ሳንቃዎች እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ ተደርበው በመዳብ ምስማር የተያያዙ ናቸው፤ የበረዶውን ወራት በየብስ የከረመች ጀልባም በፀደይ ወደ ባሕር ስትመለስ፣ እንጨቱ ደርቆ ስለ ሰነበተ በመጋጠሚያው ውኃ ታስገባለች። አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ የወለሉን እንጨት አንሥተው፣ የገባውን ውኃ ቀድተው፣ ጣታቸውን በየመጋጠሚያው እያሳለፉ «ገና ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳንቃው ውኃ ጠጥቶ አበጠና ክፍተቱን ራሱ ደፈነው።

ታናሽነቷን አይቶ የሚንቃት ቢኖር፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሃዝለር በ1960 ያደረገውን ያስብ፤ ከፎልክቦት ንድፍ የተሠራችውን ጄስተርን የቻይናውያን ዓይነት ሸራ አልብሶ፣ ወደ ውጭ ሳይወጣ ሸራውን ያዝዝ ዘንድ ገመዶቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ስቦ፣ ከፕሊመዝ እስከ ኒው ዮርክ አትላንቲክን ብቻውን በ48 ቀናት ተሻገረ፤ ብቻቸውን ለሚሻገሩ በተደረገው ውድድርም ሁለተኛ ሆነ። የፎልክቦት ጓዳ ግን ለቁመት አይመችም፤ ተቀምጦ እንጂ ቆሞ የሚለብስባት የለም።

ኋላ በፋይበርግላስ መሠራት ስትጀምር፣ የተደራረበው የሳንቃ ቅርጽና ክብደቷ እንዲጠበቁ ተደረገ፤ በዚህም አዲሲቱና የእንጨቷ እስከ ዛሬ በአንድ መሥመር እኩል ይወዳደራሉ። እኔ የእንጨቷን እመርጣለሁ፤ በየዓመቱ ለመፋቅና ቀለም ለመቀባት ጊዜ ለሌለው ግን የፋይበርግላሷን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።